ከደጀ ሰላሙ ውጭ

ሞጣ፣ ጥር 25 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለእታለም ወይንእሸት፣

አላረገዝኩም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ግማሽ ገጽ ሰላምታ አስቀድሜ፣ የጤና ጣቢያውን ሰው ሁሉ በየስሙ ጠይቄ፣ የቢቸናን ብርድ አንስቼ ነበር ወደ ጉዳዬ የምገባው። ዛሬ አልሆነልኝም። ሹፌሩ ፋንታ ደብዳቤሽን በአውቶቡሱ መስኮት ሲያቀብለኝ እዚያው መናኸሪያው ውስጥ ቆሜ ከፈትኩት። አራት መስመር ሰላምታ፣ ከዚያ ያ ጥያቄ። ነርስ ስለሆንሽ ይሆናል እንዲህ በቀጥታ የምትጠይቂው። እህቴም ስለሆንሽ ግን ትንሽ ብታለሳልሺው ምን ነበረበት?

እኔም በቀጥታ ልመልስልሽ። ወንድ አላውቅም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከአሥራ አንድ ወንዶችና ከሦስት ሴቶች ጋር ወደ ዓባይ የሚወርደውን መንገድ እንሮጣለን። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት፣ አመሻሽ ላይ እንደገና ሜዳ። ከዚያ እትዬ ወለተ ኢየሱስ ቤት ገብቼ እንደ ጆንያ እወድቃለሁ። ለኃጢአት የሚተርፍ ጉልበት የለኝም፤ የምሬን ነው።

ወሬውን ማን እንዳመጣው አልነገርሽኝም፤ እኔ ግን ደርሼበታለሁ። እትዬ ወለተ ኢየሱስ ናቸው። የእማዬ የአክስት ልጅ ሆነው፣ እኔን በቤታቸው አሳድረው፣ ለእኔም ለመንትያዬ ለሰማውም ራት እየሰጡ፣ እንዲህ ያስባሉ ብዬ አልጠረጠርኩም ነበር። ከጥምቀት በፊት አንድ እሑድ ከጊዮርጊስ ቅዳሴ ስንመለስ፣ «አንቺ ልጅ፣ ሁልጊዜ ውስጥ ነሽ» አሉኝ። ሙገሳ መስሎኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳቸው። ለካ እሑዶቹን እየቆጠሩ ኖሯል። ሌላዋ ልጃገረድ በየወሩ አንድ እሑድ፣ አንዳንዴም ሁለት፣ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ከግንቡ ሥር ትቆማለች። እኔ ከመስከረም ወዲህ አንድም ቀን እዚያ ቆሜ አላውቅም።

ለምን እንዳልቆምኩ በዚህ ደብዳቤ አልነግርሽም፤ መጀመሪያ አንድ ነገር መልሺልኝ። እማዬ ሰምታለች?

ሚያዝያ 5 ባሕር ዳር ላይ የክልሉ ምርጫ አለ። አምስት ሺህ ሜትር ነው የምሮጠው። እስከ ሦስተኛ የወጣ አዲስ አበባ ክለብ ይገባል። እስከዚያች ቀን ድረስ ማንም እንዳይነካኝ እለምንሻለሁ።

ትርሲት


ቢቸና፣ የካቲት 2 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለትርሲት፣ ለታናሼ፣

ይቅርታ። ደብዳቤውን የጻፍኩት በክትባት ቀን፣ ሃምሳ ሕፃን በሚያለቅስበት ክፍል ውስጥ፣ በፍርሃት ነበር። ፍርሃት ሲይዘኝ እንደ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነው የምጠይቀው። ደግሜ ባነበው ኖሮ አልልከውም ነበር።

አዎ፣ እማዬ ሰምታለች። ወለተ ኢየሱስ ለጥምቀት ሲመጡ በጆሮዋ ነገሯት። ታውቂያታለሽ፣ አትጮህም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምሽን አላነሳችም። ባለፈው የማኅበሯ ተራ ሲደርስ «ታምሜያለሁ» ብላ ላከች፤ አልታመመችም። ማታ ማታ ስለ ሰማው ትጠይቀኛለች፣ እንዴት ነው፣ ይበላል ወይ፣ እያለች። ስለ አንቺ አትጠይቅም። እኔ ነኝ ለሩጫው ወደ ሞጣ እንድትሄጂ የፈረምኩልሽ፤ አባታችን ባለመኖሩ በእሱ ቦታ ሆኜ። ይህንንም አልረሳችውም።

የምትፈልገው ከሁለት አንዱን ነው። ወይ ከነዕቃሽ ትመጫለሽ፣ ወይ ተመርምረሽ ወረቀቱ በእጇ ይገባል። ሞጣ ላይ ተመርመሪ ብልሽ አትሄጂም፤ እዚያ ካርድ የምታወጣዋ ልጅ የክፍል ጓደኛሽ መሆኗን አውቃለሁ። እኔ ደግሞ መምጣት አልችልም። ሁለት ነርስ ነበርን፤ አንደኛዋ ወልዳ ተኝታለች፤ ጣቢያውን ለማን ጥዬ ልምጣ?

አምኜሻለሁ። ግን ያላልሽኝ ነገር ካልሽኝ ይበልጣል። «ለምን እንዳልቆምኩ አልነግርሽም» የምትይውን ስታነብ ነርስ እንቅልፍ አይወስዳትም። ስድስት ጥያቄ በሌላ ወረቀት ጽፌ አጣጥፌ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። መልሺና ወረቀቱን አቃጥዪው። ደብዳቤሽን ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ጣቢያው ላኪ።

ወይንእሸት


ሞጣ፣ የካቲት 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

እታለም፣

ወረቀቱን አቃጥዬዋለሁ። አንዳንዶቹን ጥያቄዎችሽን በሕይወቴ ሰው ይጠይቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። መልሱን ስጽፍ እንኳ በሩን ዘግቼ ነው።

የመጀመሪያው፣ ከመስከረም ወዲህ። የመጨረሻው ለዕንቁጣጣሽ ሰሞን መጥቶ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ቀረ።

ሁለተኛው፣ ወፍጮ ቤት ባለው የእህል ሚዛን ላይ ወጣሁልሽ፤ ባለ ወፍጮው ሳቀብኝ። ሐምሌ ላይ አምሳ አንድ ነበርኩ፤ አሁን አርባ አራት። ሰማው ደግሞ አምሳ ስድስት ነበር፤ አሁን ስድሳ ሞልቷል። ይህ ነው የሚገርመኝ። ከአንድ ማሕፀን ነው የወጣነው። ከአንድ ሳህን ነው የምንበላው፤ እትዬ ወለተ ኢየሱስ ሲያቀርቡ እንጀራውን መሐል ለመሐል እንከፍለዋለን። የምንሮጠውም በአንድ ደብተር ነው፤ አሰልጣኛችን ታደለ ድሮ ወታደር ቤት ሲሮጡ የያዙት ፕሮግራም አላቸው፣ ለአሥራ አምስታችንም እሱን ነው የሚያነቡልን። ሰማው ትከሻው ሰፋ፣ ጭኑ ጠነከረ፣ ዳገቱን ሲወጣ የሚበላው ነው የሚመስለው። እኔ ልብሴ ወለቀብኝ።

ሦስተኛውን አልመልስም።

አራተኛው፣ አዎ፣ ይበርደኛል። ፀሐይ ላይ ተቀምጬም ይበርደኛል።

አምስተኛውን እንዴት ልታውቂ ቻልሽ? ለማንም አልነገርኩም። ግራ ቅልጥሜ ላይ፣ ከጉልበቴ አንድ ስንዝር ወረድ ብሎ፣ በጣቴ ስነካው የሚያመኝ ቦታ አለ። ስጀምር ያመኛል፣ ስሞቅ ይተወኛል፣ ሌሊት ይመለሳል። ወጌሻ አሸልኝ፤ ጅማት ዞሮ ነው አለኝ።

ስድስተኛው፣ ለአሰልጣኙ ነግረሽዋል ወይ የምትይው። እታለም፣ ለወንድ? በምን አፌ?

አሁን ያልጠየቅሽኝን ልንገርሽ። አልፈራሁም ነበር። ባለፈው ዓመት ለጊዮርጊስ ተስያለሁ፤ ምርጫው እስኪደርስ አንድ እሑድ ቅዳሴ አላስታጉልም ብዬ። ስሳል በየወሩ ውጭ የምቆምባትን እሑድ ረስቼ ነበር። ከዚያ ጥቅምት ላይ ሳይመጣ ቀረ፤ ኅዳርም ቀረ። ስእለቴን ሰምቶ፣ መንገዱን ጠረገልኝ አልኩ። የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ላይ ፊት ተሰላፊ አደረጉኝ፤ ከሴቶቹ የማልቀር እኔ ብቻ ስለሆንኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ከእኛ ትልቋን ሯጭ፣ አገሬን፣ ስጠይቃት፣ «የእኔም ቀርቷል፤ ሰውነትሽ የወንድ ሲሆን ነው፤ ደህና ሯጭ ሆነሻል ማለት ነው» አለችኝ።

ታደለን እንዳትጠይ። በዚህ ከተማ በቁምጣ ስንሮጥ ያልሳቀብን እሳቸው ብቻ ናቸው። «በሩጫ ወንድና ሴት የለም፤ ሰዓት ነው ያለው» ይላሉ። ይህን ሲሉ እኛ አራታችን ቁመታችን ይጨምራል።

ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። ጸልዪልኝ።

ትርሲት


ቢቸና፣ የካቲት 29 ቀን 1995 ዓ.ም.

ትርሲት፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያ ይዤው ወጣሁ። በዚያው ሳምንት ከደብረ ማርቆስ ለሱፐርቪዥን የመጣች ሐኪም ነበረች። ስም ሳልጠራ፣ «አንዲት ታካሚ አለችኝ» ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። የጻፍሽውን የቅልጥም ቦታ በራሴ እግር ላይ ሳሳያት ፊቷ ተለወጠ።

የነገረችኝን እንደገባኝ ልጻፍልሽ። ሰው ሲሮጥ ሰውነቱ ሆርሞን የሚባል መልእክተኛ በደም ይልካል። ለጡንቻ «ተሠራ»፣ ለአጥንት «ጠንክር» የሚል ነው። ወንዱ ላይ ይህን ከሚሉት ዋነኛው የወንዴው ሆርሞን ነው፤ ከከባድ ልምምድ በኋላ ከፍ ይልለታል፣ ሥጋም ያለብሰዋል። ሴቷ እሱን ያላት በጣም ጥቂት ነው፤ ብትሮጥም እንደ ወንዱ አይነሳላትም። የእሷን አጥንት የሚጠብቅላት ኢስትሮጅን የሚሉት ነው፤ እሱን የምታመነጨው ደግሞ የወር አበባዋን በሚያመጣው ሥርዓት ነው። አሁን ጎተራ አስቢ። የሚወጣው ከሚገባው ሲበዛ የሴት ሰውነት ፈጥኖ ይደነግጣል፤ «ዘንድሮ ልጅ አይያዝም» ብሎ ያንን ሥርዓት ይዘጋዋል። ሲዘጋው ኢስትሮጅኑም ይቀራል፤ አጥንቱ ጠባቂ ያጣል። ወንዱም ከመጠን ካለፈ ይጎዳል፤ ግን ብዙ ይቆያል፣ የሚጎዳበትም መንገድ ሌላ ነው። ሰማው በዚያ ደብተርና በዚያ ሳህን የሰፋው፣ አንቺ ደግሞ የሳሳሽው ለዚህ ነው። የወንድ ሰውነት አልሆነልሽም፣ እህቴ። የሴት ሰውነትሽ ነው እየጮኸ ያለው።

ያ በጣትሽ የምትነኪው ቦታ ጅማት አይደለም። አጥንት ነው፤ ስንጥቅ ሳይኖረው አይቀርም። ወጌሻ እንዳይነካው። ሩጫውን ዛሬ አቁሚ። ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ዕረፍት፣ እጥፍ ምግብ። ለነፍስ አባትሽ ለአባ አካለ ወልድ ታምሜያለሁ ብለሽ ንገሪያቸውና ከጾሙ ያውጡሽ፤ እንቁላልና ወተት ያስፈልግሻል።

ከዚህ ጋር የታሸገ ፖስታ አለ። ለአሰልጣኝ ታደለ ነው። አንቺ የማትችዪውን ቃል ሁሉ እኔ ጽፌዋለሁ፤ አንቺ ማቀበል ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደብቄሽ ነበር። እማዬ ባለፈው ቅዳሜ ዕቃ ቋጥራ ወደ ሞጣ ልትነሳ ነበር። ይዛሽ ብትመጣ ኖሮ ሰፈሩ ሁሉ ያየው ነበር። ስለዚህ «ሽንቷን በመድኃኒት ብልቃጥ በፋንታ አስልኬ መርምሬዋለሁ፤ ንጹሕ ናት» አልኳት። ማይ አለችኝ፤ ማልኩላት። ፋንታ ይህን ቢሰማ ደብዳቤያችንን ማመላለስ ያቆም ነበር። አሁን ቃሌ በአንቺ ላይ ነው ያለው።

ወይንእሸት


ሞጣ፣ መጋቢት 14 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ፣

እንዴት ሰንብተሻል? እኔ ደህና ነኝ። ሰማውም ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል። ደብዳቤውን ሰጥቻለሁ። እሳቸውም አንብበው እሺ ብለዋል።

እዚህ ያልተጠበቀ ዝናብ ጣለ፤ ሜዳው ጭቃ ሆኖ ሁለት ቀን መሮጫ አጥተን ነበር። ከክልሉ ስፖርት ቢሮ አዲስ ጫማ መጥቶልናል። ለአራታችንም የወንድ ልክ ነው የመጣው፤ የእኔ ሠላሳ ዘጠኝ ነው፤ ጫፉ ላይ ጨርቅ ወትፌ ነው የማስረው። ሶሉ ግን ልስልስ ያለ፣ ከድሮው የተሻለ ነው። ቀለሙም ሰማያዊ ነው፤ የሰማው ግን ቀይ ስለደረሰው ሲያናድደኝ ይውላል።

አባ አካለ ወልድ ዘንድ ሄጄ ነበር። ታምሜያለሁ አልኳቸው። «ለሕመሙ ነው ወይስ ለሩጫው?» አሉኝ። እኔም ጾሜን ይዤ ተመለስኩ። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም።

ለእማዬ ስለማልሽው መሐላ ምን እንደምል አላውቅም። ስለ እኔ በሐሰት መማልሽ ከበደኝ። እውነት ስለሆነ ግን ሐሰት አይደለም፤ አይደለም?

ትርሲት


ቢቸና፣ መጋቢት 22 ቀን 1995 ዓ.ም.

ትርሲት፣

ስለ ጫማሽ አምስት መስመር ጻፍሽ። ስለ ደብዳቤዬ አንድ። አንቺን ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ፤ ስትዋሺ ወሬ ታበዢያለሽ። አምስት ዓመትሽ እያለ የእማዬን ገምቦ ሰብረሽ ስለ ድመቷ ስታወሪኝ ያመሸሽው ትዝ ይልሻል?

አሰልጣኙ እንዲመልስልኝ አድራሻዬን ከነ ፖስታ ሣጥን ቁጥሩ ጽፌለት ነበር። ሦስት ሳምንት ሆነ። በዚያ ላይ ሰማው ለእማዬ በጻፈው ደብዳቤ መጨረሻ ላይ፣ «ትርሲት ቁልቁለቱን ስትወርድ በጎን ነው የምትረግጠው» ብሏል። ምንም ሳያውቅ ነው የጻፈው፤ ሳቅ መስሎት። እኔ ለእማዬ ሳነብላት ያንን መስመር ዘለልኩት።

በጎን የምትረግጪው ስላመመሽ ነው። ከእንግዲህ ስትሞቂም አይተውሽም፤ አይደል?

አንድ ነገር ልንገርሽና ከዚያ ዝም እላለሁ። የዘንድሮው ምርጫ ቢያልፍሽ የከርሞው አለ። አጥንትሽ በዚያ የሩጫ መም ላይ ቢሰበር ግን የከርሞውም የለም። በአባታችን ነፍስ ማይልኝ፤ ሚያዝያ 5 አልሮጥም በይኝ። የምልክልሽ ሌላ ነገር የለኝም። ብችል በእግሬ እመጣ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ሁለት ምጥ አዋልጃለሁ።

ወይንእሸት


ሞጣ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

እታለም፣

መሐላውን አልምልም። በአባታችን ነፍስ የዋሸሁ እንዳልሆን ነው የማልምለው።

ቤታችንን አስቢው። አሁን ባልሮጥ ወደ ቢቸና ነው የምመለሰው። ስመለስ ሰው ምን ይላል? «ያቋረጠችው ለዚያ ነው» ይላል። እማዬም ትለዋለች፣ ባትናገረውም። ስሜን የማጸዳው በሩጫ ብቻ ነው። ያረገዘች ሴት በዚያ ፍጥነት አትሮጥም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል።

ነገ ንጋት ላይ በሚኒባስ ወደ ባሕር ዳር እንነሳለን። ሰማው አጠገቤ ነው የሚቀመጠው። አትቆጪኝ።

ትርሲት


ቢቸና፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

ትርሲትዬ፣

ዛሬ ፋንታ ደብዳቤ ሳይሆን ወሬ ይዞ መጣ። ከአውቶቡሱ ወርዶ እስከ መርፌ ክፍሉ ድረስ ገባ፤ ገና ሳየው አወቅኩ።

እግርሽ የት ላይ እንደተሰበረ፣ ጀሶ አድርገውልሽ እንደሆነ፣ ጣቶችሽ ይንቀሳቀሱ እንደሆነ አያውቅም። እንዲህ ያለ ጥያቄ እሱን መጠየቄ ሞኝነት ነው። ሞጣ ተመልሰሽ ወለተ ኢየሱስ ቤት መተኛትሽን ብቻ ነገረኝ።

ለእማዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። ቁጭ ብላ ጥጥ ስትፈትል ነበር። እንዝርቷን አላስቀመጠችም። «እግሯ ብቻ ነው?» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ሐኪሞቹ ሌላ ነገር አላገኙባትም ወይ ማለቷ ነው። መርምሬያታለሁ ብዬ ከማልኩላት በኋላ ነው እንዲህ የምትጠይቀኝ። እናቴን እወዳታለሁ፤ በዚያች ሰዓት ግን ከቤት ወጥቼ አለቀስኩ።

ለሆሳዕና እንኳን አደረሰሽ ማለት እንዴት እንደሚቻል አላውቅም። እስክትጽፊልኝ ምንም አልጠይቅሽም።

ወይንእሸት


ሞጣ፣ ግንቦት 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

እታለም ወይንእሸት፣

አልጠይቅም ስላልሽ አመሰግናለሁ። ይህ ሁሉ ጊዜ ያለፈው እጄ ስለተሰበረ አይደለም፤ ፊትሽን ስለፈራሁ ነው።

ስለ ሩጫው አልጽፍልሽም። ድምፁን እንደሰማሁት ብቻ ልንገርሽ፤ ሰው ደረቅ እንጨት በጉልበቱ ሲሰብር ዓይነት ነው። አራተኛ ነበርኩ። ሁለት ዙር ነበር የቀረኝ። ከወንዶቹ ሰማው ሁለተኛ ወጥቷል። ሲጨርስ ስሙን ሲጠሩ ቃሬዛ ላይ ሆኜ ሰማሁ። ደስ አለኝ፤ ደግሞም በቅናት ተቃጠልኩ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ባለፈው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ ሲሰናበተኝ ጀሶዬ ላይ ስሙን ጻፈበት፣ ከዚያ ማየት አቅቶት ወጣ።

አሁን ጥፋቴን። ደብዳቤሽን አልሰጠሁም ነበር። እስከ ባለፈው ወር መጨረሻ ድረስ ከነማሸጊያው በፍራሼ ሥር ነበር። አንድ ቀን ይዤው ሜዳ ሄጃለሁ። ታደለ ሰዓታቸውን ይዘው ቆመው፣ «ትርሲት፣ ዛሬ እንደ ወንድ ነው የሮጥሽው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት ልስጣቸው? ደብዳቤሽ ሴት መሆኔን ነበር የሚነግራቸው።

ለዳግማይ ትንሣኤ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። ፍራሹን ገልጬ ሰጠኋቸው። ቆመው ነው ማንበብ የጀመሩት፤ መሐል ላይ ሲደርሱ ተቀመጡ። ሁለቱንም ገጽ ጨርሰው እንደገና ከላይ ጀመሩ። ዕለቱን አዩት፤ የካቲት ይላል። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። «የካቲት ላይ ባነበው ኖሮ እሰማ ነበር እንዳልል አፍራለሁ» አሉኝ። «ሰበብ ነው እል ነበር።» ብርቱካኑን ልጠው ሰጡኝና ሄዱ።

እትዬ ወለተ ኢየሱስ ጠዋት ሁለት እንቁላል፣ ማታ ወተት ይሰጡኛል። ያነሱኛል፣ ያስተኙኛል። ስለዚያ ነገር ግን አንድ ቃል አይተነፍሱም፤ እኔም አልተነፍስም። ጀሶው ውስጥ የሚያሳክከኝን በስንደዶ ሲያኩልኝ ዓይናቸው ሆዴ ላይ ሲያርፍ አያለሁ። አሁንም እየቆጠሩ ነው።

ትርሲት


ቢቸና፣ ግንቦት 15 ቀን 1995 ዓ.ም.

ታናሼ፣

ጥፋትሽን ነገርሽኝ፤ እኔም የእኔን ልንገርሽ። ለእማዬ ስምልላት አምኜሽ አልነበረም። ግማሽ ልቤ ይጠራጠር ነበር። በአንድ በኩል ስለ አጥንትሽ ለአሰልጣኙ ገጽ ሙሉ እጽፋለሁ፣ በሌላ በኩል ማታ ተኝቼ ከመስከረም ወዲህ ያሉትን ወራት በጣቴ እቆጥራለሁ። ከወለተ ኢየሱስ በምን ተሻልኩ? አምኜሻለሁ ብዬ ጽፌልሽ ነበርና ይህን ሳትሰሚ መቅረት የለብሽም።

ለእማዬም እውነቱን ነገርኳት። አልመረመርኳትም፣ ውሸቴን ነው፣ እግሯም የተሰበረው በዚሁ ነገር ነው ብዬ ጎተራውንም አጥንቱንም እንደ ገበሬ አድርጌ አስረዳኋት። አዳመጠችኝ። መጨረሻ ላይ፣ «እኔም አንቺን ያረገዝኩት በክፉ ቀን ነበር፤ ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ደርቄያለሁ» አለች። በማግስቱ አንድ ቅል ቅቤ አውጥታ በሩ አጠገብ አስቀመጠች። ለማን እንደሆነ አልተናገረችም። ፋንታ ይዞልሽ ይመጣል።

ማኅበሯ ግን አሁንም አልሄደችም።

ወይንእሸት


ሞጣ፣ እሑድ፣ ሐምሌ 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለእታለም ወይንእሸት፣

ስለ እግሬ ገና አልጻፍኩልሽም፤ አሁን ልጻፍልሽ። ጀሶው ከወጣ ሁለት ሳምንቱ ነው። ግራ እግሬ ከቀኙ ቀጥኗል፣ ግን ይረግጣል። በወፍጮ ቤቱ ሚዛን አርባ ዘጠኝ ሆኛለሁ፤ ባለ ወፍጮው አሁን አይስቅም፣ «ጨምሪ» ይለኛል። ታደለ ሁለተኛ ደብተር ገዝተዋል። ለሴቶቹ ብቻ ነው። ገና ሦስት ገጽ ነው የተጻፈበት፤ ከሦስቱ ሁለቱን ሰርዘዋቸዋል። የስፖርት መምህርታችንን ጠርተው፣ ሴቶቹን እርስዋ ትጠይቅልኝ ብለዋል፤ አገሬ ተጠይቃ ስታለቅስ ዋለች፣ አሁን እያረፈች ነው። ደብተሩን ቢቸና ድረስ ልከውልሽ እንድታዪላቸው ይለምኑሻል። መስከረም ላይ በዝግታ እጀምራለሁ። ብዬሻለሁ እንጂ ካልፈቀድሽ አልጀምርም።

ይህ ግን የዛሬው ወሬ አይደለም።

ዛሬ ሌሊት በሆዴ ሕመም ነቃሁ። ምን እንደሆነ ሳውቅ ጨለማ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ፤ ከዚያ ጨርቅ ፍለጋ ተነሳሁ። አሥር ወር ሙሉ ስላልተጠቀምኩበት የት እንዳስቀመጥኩት ጠፍቶኝ ሣጥኔን ሁሉ ገለበጥኩት።

ጠዋት እትዬ ወለተ ኢየሱስ «ተነሺ፣ ደወል ተደውሏል» አሉኝ። ነጠላዬን ለብሼ አብሬያቸው ወጣሁ። ዝናቡ ይወርድ ነበር። በጊዮርጊስ ደጀ ሰላም ሲደርሱ እሳቸው ተሳልመው ገቡ። እኔ ወደ ጎን ዞርኩና ከግንቡ ሥር፣ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ቆምኩ። አምስት ነበርን። አንዷ አወቀችኝ፤ «አንቺም እዚህ ትቆሚያለሽ?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

እትዬ ወለተ ኢየሱስ ጥቂት እርምጃ ከሄዱ በኋላ አጠገባቸው እንደሌለሁ አወቁ። ዘወር ሲሉ አዩኝ። እዚያው ዝናቡ ላይ ቆመው አዩኝ፤ ለረጅም ጊዜ። ከዚያ ተመለሱ። ሰባ ዓመታቸው ነው፤ ከግንቡ ውጭ ከቆሙ ስንት ዘመን እንደሆነ አንቺ አስቢው። ከደጀ ሰላሙ ወደ ውጭ ወጡና አጠገቤ መጥተው ጥላቸውን ከራሴ በላይ አደረጉት።

«እትዬ፣ ቅዳሴው ያመልጥዎታል» አልኳቸው።

«ዛሬ የእኔም ቦታ እዚህ ነው» አሉኝ። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ጥላውን ከእጃቸው ተቀብዬ እኔ ያዝኩት። ሥጋ ወደሙ እስኪወጣ ድረስ እንደዚያ ቆምን። የስእለቴ ጊዜ በሚያዝያ አልቋል፤ ዛሬ ግን በእግሬ ቆሜ እያለሁ አንድ እሑድ አስታጎልኩ። ጊዮርጊስ የሚቀየመኝ አይመስለኝም።

እታለም፣ ይህን ደብዳቤ ጣቢያው አታስቀሪው። ወደ ቤት ውሰጂውና ለእማዬ አንብቢላት። አንድም መስመር እንዳትዘዪ። ከዚያ ነሐሴ ላይ የማኅበሯ ተራ የማን ቤት እንደሆነ ጠይቂልኝ።

ትርሲት